ኮሌጅን ዩኒቨርሲቲ የሚያደርግ ሕግ፦ ከስቲልዋተር እስከ ዓለማያ

በቤተሰባችን ውስጥ ከአንድ ግቢ የወጡ አራት ዲግሪዎች አሉ፤ አራቱም ላይ የተጻፈው የተቋም ስም ግን ይለያያል። አጎቴ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቀበለው ወረቀት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን፣ ታላቅ ወንድሜ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቀበለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን፣ የእኔ የዓለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲን፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን ስም ይዟል። አራታችንም የተማርነው ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ፣ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚያው ግቢ ነው። አጎቴ እስከ ዕለተ ሞቱ «እኔ የኮሌጅ ምሩቅ ነኝ» ይል ነበር እንጂ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል አይጠቀምም ነበር፤ ይህንንም ሲል አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን የቤተሰብ ትዝታ አይደለም። በተወለድኩበት ከተማ የሚገኘው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲነት እንዲያድግ የሚጠይቅ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ፣ የከተማው ተወላጆች እንዲፈርሙበት በያለንበት ተላከልን። ደብዳቤው ስለ ከተማው ታሪክ፣ ስለ ሕዝቡ ብዛትና ስለ መንገዱ ምቹነት በሰፊው ይናገራል፤ ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚያስተምር፣ ማን እንደሚያስተዳድረው፣ ኮሌጁ እስከ ዛሬ ሲሠራው የኖረውን ሥራ ወደፊት ማን እንደሚሠራው ግን አንድም መስመር የለውም። ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት አንድ ኮሌጅ በሕግ ዩኒቨርሲቲ ሲደረግ በእርግጥ የሚለወጠው ምን እንደሆነ ለማየት ፈለግሁ፤ ለዚህም ከማውቀው ግቢ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የዚያን ግቢ ታሪክ ደግሞ ያለ አሜሪካዋ የኦክላሆማ ግዛት መናገር አይቻልም።

የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን እ.ኤ.አ. በጥር 1949 ባደረጉት የሹመት ንግግር በአራተኛ ነጥብነት ያነሱት የቴክኒክ እርዳታ ዕቅድ «ፖይንት ፎር» በመባል ታወቀ። ዕቅዱን እንዲመሩ የተሾሙት ሄንሪ ቤኔት ፖለቲከኛ ወይም ዲፕሎማት አልነበሩም፤ በስቲልዋተር ከተማ የሚገኘው የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ቤኔት ከሹመታቸው በፊት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋግረው ነበር። እርሳቸው በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሕይወታቸው ቢያልፍም ሥራው አልቆመም፤ በግንቦት 1944 ዓ.ም. በኮሌጃቸውና በኢትዮጵያ መካከል ስምምነቱ ተፈረመ። ከኦክላሆማ የመጡት መምህራን በመጀመሪያ ጅማ ላይ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከዚያም የኮሌጁ ቋሚ ግቢ ዓለማያ ላይ ተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ ከዋሽንግተንና ከኒውዮርክ ሌላ እስከ ስቲልዋተር ድረስ ተጉዘዋል፤ ለአንድ የገጠር ኮሌጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው የቀን መገጣጠም አለ። ከኢትዮጵያ ጋር የተፈራረመው ተቋም በሕግ ኮሌጅ ነበር። የዓለማያ ኮሌጅ በንጉሠ ነገሥቱ በይፋ የተመረቀው በጥር 1950 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ግን ስቲልዋተር ያለው አጋሩ ኮሌጅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። የኦክላሆማ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1957 የጸደይ ወራት ባወጣው ሕግ መሠረት ተቋሙ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ «ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ» ሆኗል፤ ሙሉ ስሙ መጨረሻው ላይ «የግብርናና የተግባራዊ ሳይንስ» የሚል ረጅም ጅራት ነበረው። ስለዚህ ልጁ ኮሌጅ ሆኖ በተመረቀበት ቀን ወላጁ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ዓለማያ ግን በራሱ ስም ላይ ይህን ማዕረግ ለማየት ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት ጠብቋል።

የኦክላሆማው ሕግ ብቻውን የቆመ አልነበረም። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የአሜሪካ የእርሻ ኮሌጆች ተራ በተራ ስማቸውን ቀይረዋል፦ ፔንሲልቫኒያ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ሚሺጋን በ1955፣ ኮሎራዶ በ1957፣ ካንሳስና አዮዋ በ1959። ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ወጪ እንዲማሩ ከተፈቀደ በኋላ የእነዚህ ኮሌጆች ተማሪ በብዙ እጥፍ ጨምሮ ነበር፤ ምህንድስና፣ ንግድ፣ የቤት አስተዳደር፣ የእንስሳት ሕክምናና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ስሙ ከመቀየሩ ቀደም ብለው በግቢዎቹ ውስጥ ነበሩ። ሕግ አውጪዎቹ ያደረጉት ተሠርቶ ያለቀን ነገር ማጽደቅ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህም ሆኖ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሌላው ተቋም «የሚሺጋን» እና «ዩኒቨርሲቲ» የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ መጠቀሙ ሕዝቡን ያደናግራል ብለው አጥብቀው ተቃውመዋል። ባለ ማዕረግ ተቋም ማዕረጉን ከሌላ ጋር መካፈል እንደማይወድ እኛም አገር በደንብ እናውቀዋለን።

የኦክላሆማ ሕግ ስም ከመለወጥ ያለፈ ብዙ ነገር አላደረገም። ይህ የሕጉ ድክመት ሳይሆን ጥንካሬው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ተቋሙን የተሸከሙት ሌሎች ሕጎች ነበሩና። የመጀመሪያው የቨርሞንቱ የምክር ቤት አባል ጀስቲን ሞሪል ያመነጨውና አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1862 የፈረመው ሕግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ባለው እያንዳንዱ ተወካይ ልክ 30,000 ኤከር መሬት እየሰጠ፣ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ የእርሻና የመካኒካል ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ እንዲቋቋም አዘዘ። መሬቱ ከማን እንደተወሰደ ማስታወስ ይገባል፤ አብዛኛው በውልም በጉልበትም ከአገሬው ነባር ሕዝቦች የተነጠቀ ነበር፤ ኦክላሆማ ራሷም የተመሠረተችው በዚሁ መንገድ ነው። ቀጥሎ የመጣው የ1887ቱ ሕግ ለእነዚህ ኮሌጆች የምርምር ጣቢያ በጀት ሰጠ፤ የ1914ቱ ደግሞ ኮሌጁ ያወቀውን ለገበሬው የሚያደርሱ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየአውራጃው አቆመ። ዛሬም ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በግዛቲቱ ባሉት 77 አውራጃዎች ሁሉ የኤክስቴንሽን አገልግሎት አለው።

ከዚህ በላይ የአስተዳደሩ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 በተሻሻለው የኦክላሆማ ሕገ መንግሥት መሠረት ተቋሙን የሚመራው ቦርድ ዘጠኝ አባላት ያሉት ሆኖ አብላጫዎቹ ገበሬዎች እንዲሆኑ ተደንግጓል። በ1957 የተቋሙ ስም ሲለወጥ ይህ አልተነካም፤ ቦርዱ ዛሬም የሚጠራው «የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጆች» ቦርድ ተብሎ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የዩኒቨርሲቲው ስም ጅራት ከዕለት ተዕለት አጠቃቀም ወጣ፤ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የተጻፈው የገበሬዎች ወንበር ግን እንዳለ ቀረ። ስለዚህ ተቋሙ ከእርሻ ርቆ ወደ ሌላ መስክ መስፋፋት ቢፈልግ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ከብት የሚያረቡና ስንዴ የሚዘሩ ሰዎች አሉ።

ማዕረግ ብቻውን ምንም እንደማይፈይድ የሚያሳየው ምሳሌም እዚያው ግዛት ውስጥ ይገኛል። በዚያ በዘር በተከፋፈለ ዘመን የኦክላሆማ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1897 ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ተቋም ላንግስተን በተባለች ከተማ ሲያቋቁሙ በስሙ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው አስገብተውለታል። ስቲልዋተር ስድሳ ዓመት ሙሉ ኮሌጅ ተብሎ ሲጠራ፣ ላንግስተን ከልደቱ ጀምሮ በወረቀት ላይ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በጀቱ፣ ቤተ ሙከራውና መጻሕፍቱ ግን ወደ ሌላኛው ይሄዱ ነበር። የላንግስተን ምሩቅ የሆነችው ኤዳ ሎይስ ሲፑል በ1940ዎቹ ወደ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ባመለከተች ጊዜ በዘሯ ምክንያት ተከለከለች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ለእርሷ ሲወስን ደግሞ የግዛቲቱ ባለሥልጣናት በቀናት ውስጥ በምክር ቤቱ ሕንጻ ክፍሎች ላይ «የላንግስተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት» የሚል ተቋም አቆሙ። እርሷ ግን አልገባችበትም፤ በሚቀጥለው ዓመት በዋናው ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት አገኘች። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር በፈጣን ውሳኔ የሚወለዱ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጥርጣሬ ያሳድሩብኛል።

አሁን ወደ ዓለማያ እመለሳለሁ። ከኦክላሆማ የመጡት ሰዎች፣ በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በሉተር ብራነን እየተመሩ፣ ይዘውት የመጡት የትምህርት ሥርዓት ብቻ አልነበረም፤ ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን በአንድ ተቋም ሥር የሚኖሩበትን የስቲልዋተርን አሠራር ጭምር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ በተግባር ነበር። የደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ የኮሌጁ ነበር፤ የኤክስቴንሽን ሥራውም የተጀመረው በኮሌጁ እጅ ነው። ሆኖም ሦስቱ አንድ ላይ እንዲኖሩ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም፤ በአሜሪካ ኮንግረስ በሦስት ትውልድ የተጻፈው የግዴታ ሰንሰለት በእኛ ዘንድ በአንድ ስምምነትና በጥቂት ሰዎች ልማድ ብቻ የቆመ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ አገር አቀፍ የምርምር ኃላፊነት ከኮሌጁ ውጭ ሆነ። ሁለቱም ውሳኔዎች የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ከሐረርጌ ተነስቶ የመላውን አገር ገበሬ መድረስ ለአንድ ኮሌጅ የሚቻል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ኮሌጁ የሚያስተምረውን ከሚመረምረውና ከሚያሠለጥነው ገበሬ ጋር ያገናኘው የነበረው ክር በዚያን ጊዜ ላላ።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት በየቦታው ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆች፣ የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና የዓለማያው ጭምር፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኑ። የኦክላሆማ ሰዎች በ1960 ዓ.ም. ኮንትራታቸው አልቆ ሲወጡ ዓለማያ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ ከአብዮቱ በኋላ ዋናው ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ደግሞ ኮሌጁም ስሙን ተከትሎ ተሻገረ። ወንድሜ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያነሳው አንድ ነገር ነው፦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ላለ ግቢ እያንዳንዱ ግዥና እያንዳንዱ ቅጥር አዲስ አበባ መጽደቅ ነበረበት። የቤተ ሙከራ ኬሚካል የሚጠባበቅ ተማሪ ወቅቱ አልፎበት የሰብል ናሙናው ይበላሽበታል፤ ዝናብ ደግሞ የግዥ ኮሚቴን አይጠብቅም።

እነዚያ ዓመታት ግን መካን አልነበሩም፤ እንዲያውም ኮሌጁ ካፈራቸው ሁሉ የላቀ ስም ያገኙት ሰው የወጡት ከዚያ ዘመን ነው። ወለንኮሚ የተወለዱት ገቢሳ ኢጄታ በኦክላሆማ እርዳታ በተቋቋመው የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምረው በ1965 ዓ.ም. ከዓለማያ ተመርቀዋል፤ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በደብረ ዘይት ጣቢያም በ1962 ዓ.ም. የወጣው «ዲዜድ-01-354» የተባለው የጤፍ ዝርያ ለአሥርተ ዓመታት በገበሬው ማሳ ላይ ኖሯል። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትም በዓለማያ የተጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ተቋሙ ገና ኮሌጅ ሳለ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚለው ማዕረግ የጥራት ምንጭ ነው የሚል ሰው ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚያስረዳ አላውቅም።

ታዲያ በግንቦት 1977 ዓ.ም. ዓለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ያገኘው ምን ነበር? መልሴ አንድ ነው፦ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መለየት። ከአዲስ አበባና ከአስመራ ቀጥሎ የአገሪቱ ሦስተኛ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የራሱ በጀት፣ የራሱ ሴኔትና የራሱ የዲግሪ ማኅተም ኖረው። እኔ ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ስገባ ነባር መምህራን ስለ ለውጡ ሲያወሩ የሚያነሱት ማዕረጉን ሳይሆን የግዥ ክፍሉን ነበር፤ አንድ ወረቀት በአንድ ግቢ ውስጥ ተፈርሞ ማለቁ ለእነርሱ ዕድገት ማለት ነበር። ያልተመለሰው ግን ከዚህ በፊት የወጣው ሁሉ ነው። ማዕረጉ ሲመጣ ኤክስቴንሽኑ በሚኒስቴሩ፣ አገር አቀፍ ምርምሩ በኢንስቲትዩቱ እጅ ነበር፤ ደብረ ዘይት ብቻ ቀርቶለት ነበር፤ እርሱም በ1980ዎቹ መጨረሻ የምርምር ተቋማቱ እንደገና ሲደራጁ ወደዚያው ሄደ።

እንግዲህ የሁለቱን ተቋማት ልዩነት እዚህ ላይ አየዋለሁ። ስቲልዋተር ስሙን ሲቀይር ግዴታዎቹ በሌሎች ሕጎች ታስረው ከእርሱ ጋር ስለነበሩ ስሙ ቢቀየርም እነርሱ አልተነኩም። ዓለማያ ማዕረጉን ሲያገኝ ግዴታዎቹ ቀድመው ሄደዋል፤ ስለዚህ «የግብርና ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስም ከማስተማር ውጭ ያሉትን ሥራዎች የሚያስሠራ ሕጋዊ ጉልበት አልነበረውም። መምህራኑ ምርምር አላደረጉም ማለቴ አይደለም፤ «ዓለማያ ኮምፖዚት» የተባለው የበቆሎ ዝርያና በ1979 ዓ.ም. የወጣው «ኤ ኤል 624» የተባለው ድንች የግቢው ሥራ ናቸው። የሐረርጌ ገበሬ ያንን ድንች ሲተክል ግን በኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተመክሮ ይሁን በጎረቤቱ አይቶ፣ ዩኒቨርሲቲው የሚያውቅበት መደበኛ መንገድ አልነበረም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ለማየት ከግቢው በር ላይ ቆሞ ሐይቁን መመልከት ይበቃ ነበር። የዓለማያ ሐይቅ ለግቢው፣ ለሐረር ከተማና ለአካባቢው የውሃ ምንጭ ነበር፤ ገበሬው ደግሞ በፓምፕ እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣበት ነበር። ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚወርደው ደለል ሐይቁን ከዓመት ዓመት ይሞላው ነበር። በ1990ዎቹ ውስጥ ሐይቁ ደረቀ፤ ከብት ውሃ ሊጠጣ ይገባበት የነበረው ስፍራ የግጦሽ መስክ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውሃ መመለሱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የአፈርና የውሃ ጥበቃ የሚያስተምሩ ምሁራን መስኮታቸው ሥር ሐይቅ ሲደርቅ አይተው ዝም አሉ የሚለውን ወቀሳ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ጥናቶች ተጽፈዋል፣ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቷል። ነገር ግን የግብርና ዩኒቨርሲቲው ለገበሬው፣ ለከተማው አስተዳደርና ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ሊያቀርብ የሚችለው ምክር ብቻ ነበር፤ ራሱም ከውሃው ተጠቃሚዎች አንዱ ነበር። በኦክላሆማ የአውራጃው የኤክስቴንሽን ባለሙያ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው የወጣ ምክር እስከ ማሳው ድረስ የሚሄድበት መንገድ አለው። ያ መንገድ ቢኖር ሐይቁ ይተርፍ ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም፤ ጥያቄው የሚቀርብበት ቦታ ግን ይኖር ነበር።

በ1988 ዓ.ም. የጤናና የመምህራን ትምህርት ተጨምረው «የግብርና» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ስሙ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሁለቱንም አልቃወምም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሐኪም የሚያሠለጥን ግቢ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ የአካባቢው ስም በአካባቢው ሕዝብ አጠራር መጻፉም ተገቢ ነው። ለእኔ ከሁለቱ ይልቅ አሳሳቢ የሆነው የደብረ ዘይት ጣቢያ መሄዱ ነበር፤ ይሁንና ስለ እርሱ በግቢው ውስጥ ስለ ስሙ የተደረገውን ያህል ክርክር አልሰማሁም። የጅማው እህት ትምህርት ቤትም ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ ስለዚህ የኦክላሆማ መምህራን ጠመኔ የያዙባቸው ሁለቱም ግቢዎች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

በእኛ አገር ይህ ነገር በሕግ እንዴት እንደሚፈጸም ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነጋሪት ጋዜጣን ማገላበጥ አለበት። አጠቃላዩን ሥርዓት የሚወስነው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው ቁጥር 1152/2011 ነው። እያንዳንዱ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ግን የሚቋቋመው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ይህ ከኦክላሆማ ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት ነው፤ እዚያ ጉዳዩ በምክር ቤት ተከራክሮ በገዢው ፊርማ ይጸድቃል፤ የተቃወመው ማን እንደሆነና ለምን እንደተቃወመ ተመዝግቦ ይቀመጣል። በእኛ ደንብ ግን ክርክሩ በር ዘግቶ ይካሄዳል፤ ሕዝቡም መምህራኑም የሚያዩት ያለቀውን ጽሑፍ ነው። ደንቦቹ ራሳቸው አጫጭርና እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ ናቸው፦ መቋቋም፣ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ዓላማ፣ ሥልጣንና ተግባር፣ በጀት፣ የሒሳብ መዛግብት። አብዛኛው አንባቢ የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቦ ደስ ብሎት ይተወዋል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም ስለ መብትና ግዴታዎች መተላለፍ የሚናገረው አንቀጽ የሚገኘው እዚያ ነው።

ያ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ የቀድሞው ኮሌጅ መብትና ግዴታ ወደ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ተላልፏል ይላል። ግዴታ የሚለው ቃል ውስጥ ምን እንዳለ ግን አይዘረዝርም። የሕግ ባለሙያ ሲያነበው ዕዳ፣ ውልና የፍርድ ቤት ክስ ይታየዋል። አንድ የክልል መምህራን ኮሌጅ ከዚህ ሌላ በየዓመቱ ለገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን የማድረስ ግዴታ አለበት፤ ይህ በውል ያልተጻፈ፣ በሥራ የተገባ ግዴታ ነው። ኮሌጁ የክልል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ይሆናል፤ በጀቱም፣ ሠራተኛውም፣ ለማን ተጠሪ መሆኑም ይለወጣል። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለዓመታት ሲያስተምር የኖረ መምህር በአዲሱ መዋቅር ከታችኛው የአካዳሚ ማዕረግ ይጀምራል። የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል እንዴት እንደሚቆጥር ማስተማርን የሚያውቅ ሰው፣ የምርምር ጽሑፍ አላሳተምክም ተብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። አዲስ የሚመጡት ሌክቸረሮችም ምናልባት የአንደኛ ደረጃ መምህር ማሠልጠንን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ያዩታል።

የኮተቤ ታሪክ በዚህ ረገድ ሊጠና የሚገባው ነው። መምህራን በማሠልጠን የሚታወቀው ይህ ተቋም ከመምህራን ኮሌጅነት ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት፣ ከዚያ ወደ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲነት አደገ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተለውጦ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከሁሉም በላይ የመጨረሻውን ውሳኔ እወደዋለሁ፤ ተቋሙ ማዕረጉን ሳይጥል ወደ ጥንት ሥራው የተመለሰበት ነውና። መንገዱ ግን ጠመዝማዛ ነበር።

ወደ ተላከልኝ ደብዳቤ ስመለስ፣ ኮሚቴውን የመሠረቱት ሰዎች የዕድሜ እኩዮቼና የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ማለት ለከተማው መብራት፣ የቤት ኪራይ፣ የባንክ ቅርንጫፍና አስፋልት ማለት መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ይህን ምኞት አልንቅም። የኦክላሆማ ግዛት ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1890 ዩኒቨርሲቲውን ለኖርማን፣ የመምህራን ትምህርት ቤቱን ለኤድመንድ፣ የእርሻ ኮሌጁን ለስቲልዋተር ያከፋፈለው በከተሞቹ መካከል ከነበረው ፉክክር የተነሳ ነው፤ የመንግሥት ተቋም ከሕዝብ ስሜት ውጭ የተወለደበት አገር አላውቅም። የማልስማማው የከተማ ድርሻ ጥያቄ የተቋም ጥያቄን እንዲሸፍነው መፍቀድ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመፈረም ይልቅ ለኮሚቴው ረዘም ያለ መልስ ጻፍኩ። የጠየቅሁት በደብዳቤው ውስጥ አራት ነገሮች እንዲጨመሩ ነው፦ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠና በአዲሱ ተቋም ሥልጣንና ተግባር ውስጥ በስም እንዲጻፍ፤ በቦርዱ ውስጥ ከወረዳ ትምህርት ቤቶች የሚመረጡ ርዕሳነ መምህራን መቀመጫ እንዲኖራቸው፤ ነባሮቹ የኮሌጅ መምህራን ደረጃቸውን የሚያሻሽሉበት ጊዜና በጀት በመሸጋገሪያው ድንጋጌ ውስጥ እንዲወሰን፤ ለሠርቶ ማሳያነት የሚያገለግለው የኮሌጁ ትምህርት ቤት ደግሞ ለሌላ መሥሪያ ቤት እንዳይተላለፍ። አራተኛውን የጻፍኩት ደብረ ዘይትን እያሰብኩ ነው። ሰብሳቢው በማግስቱ ደውሎ «ጋሼ፣ ይህንን ሁሉ ካስገባን ጥያቄያችን ይከብዳል፤ መጀመሪያ ማዕረጉ ይሰጠን፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አለኝ። ዓለማያ ማዕረጉን ካገኘበት ከ1977 ዓ.ም. እስከ ዛሬ ኤክስቴንሽኑ እንዳልደረሰው ነገርኩት፤ ረቂቁን እንደገና እንደሚያዩት ቃል ገባልኝ፤ እኔም የተሻሻለውን እስካይ ድረስ ፊርማዬን አቆይቻለሁ።